የባዶው ዕቃ ሒሳብ በማን ላይ ይጻፋል?

ንግድ ማለት ዕቃን ከተትረፈረፈበት ስፍራ ወዳልተገኘበት ስፍራ ማድረስ ነው። ስለዚህም ጥሩ ነጋዴ የገባውንና የወጣውን በመዝገብ እየጻፈ፣ ትርፉንና ኪሳራውን እየለየ ይኖራል። ይሁን እንጂ በዚህ ዘመን ከሚሸጠው ዕቃ ጋር አብሮ ከሱቅ እየወጣ በማንም መዝገብ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ማሸጊያው ነው። ስኳሩ ሲሸጥ ፌስታሉ፣ ውሃው ሲሸጥ ጠርሙሱ፣ ዘይቱ ሲሸጥ ጀሪካኑ ከባለሱቁ እጅ ወጥቶ ይሄዳል። የስኳሩ ሒሳብ በዚያው ቀን ይዘጋል። የፌስታሉ ሒሳብ ግን ሳይዘጋ ከመንገድ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ እርሻና ወደ ግጦሽ ሲዞር ይኖራል።

ሒሳቡ አልተዘጋም ማለት ከፋይ የለውም ማለት አይደለም። ክረምት በገባ ቁጥር በፌስታል የተደፈነው የጎርፍ መውረጃ ሞልቶ ውሃው ወደ ሱቅና ወደ መጋዘን ሲገባ የሚከፍለው ባለሱቁ ነው። ላሟ ከሣር ጋር ፌስታል ውጣ ስትሞት የሚከፍለው ገበሬው ነው። ቆሻሻውን ለማስጠረግና ለማስጫን ማዘጋጃ ቤቱ የሚያወጣው ገንዘብም ከግብር ከፋዩ ኪስ የወጣ ነው። ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈሉት ግን በቆሼ የነበሩት ድኆች ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በረጲ የሚገኘው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በክምሩ አጠገብ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። ያ ክምር በፕላስቲክ ብቻ የተሠራ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ከተማ የሚጣለውን ሁሉ ሳይለይ በአንድ ስፍራ ሲቆልል መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለሁሉም አሳይቷል።

መንግሥት በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይሠራና ወደ ሀገር እንዳይገባ ደንግጎ ነበር። ሆኖም በአዋጁና በገበያው መካከል ለብዙ ዓመታት ሰፊ ርቀት ሆኖ ቆየ፤ ስስ የሆነው ፌስታል ከጉልት እስከ ትልቁ መደብር ድረስ ያለ ዋጋ ሲታደል ኖረ። በመጨረሻም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቆ፣ ፌስታልን ማምረትንም፣ ማስመጣትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም በቅጣት ከለከለ።

የዚህ ክልከላ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሌሎች የአፍሪካ ሀገሮችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ሩዋንዳ ፌስታልን በ2008 እ.ኤ.አ. ከለከለች፤ ኬንያ በነሐሴ ወር 2017 እ.ኤ.አ.፣ ታንዛኒያም በሰኔ ወር 2019 እ.ኤ.አ. ተከተሏት። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ክልከላው የሚጠናው በሱቅ ደጃፍ፣ በባለሱቁና በደንበኛው ላይ ነው። ፌስታሉ በመከልከሉ የውሃውና የለስላሳው ጠርሙስ አልተከለከለም፤ የሳሙናው፣ የብስኩቱና የፓስታው ማሸጊያም እንደዚሁ። የሸቀጡ ሁሉ መያዣ ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ቸርቻሪ በፌስታሉ ብቻ ቢቀጣ ሒሳቡ ተዘጋ ለማለት አይቻልም። ማሸጊያውን ወደ ገበያ ያስገባው አስመጪና ፋብሪካም የድርሻውን መሸከም ይገባዋል።

ድርሻውን እንዴት እንደሚሸከም ለመረዳት አስቀድሞ የቆራሌውን ሒሳብ መመልከት ይጠቅማል። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ ሳፋ የሚሰጠው የልዋጭ ነጋዴ፣ በመርካቶም ምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ እየገዛ የሚያድስና የሚሸጥ ሁሉ፣ የመንግሥት ደመወዝ ሳይቀበል የከተማውን ውዳቂ ከሚሰበስቡት ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚያነሡና ምን እንደሚተዉ የሚወስኑት በሚዛን ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ግማሽ ሊትር የሚይዘው የውሃ ጠርሙስ ከ10 እስከ 20 ግራም ስለሆነ አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ስሱ ፌስታል ግን 5 ግራም ገደማ ስለሚሆን ለአንድ ኪሎ 200 ፌስታል፣ ያውም ከጭቃው አጥቦ፣ መልቀም ይጠይቃል።

እንግዲህ ጀሪካን በመንገድ ላይ ወድቆ የማይታየው፣ ፌስታል ግን በየአጥሩ ተንጠልጥሎ የሚታየው የሕዝቡ ጠባይ ለአንዱ መልካም፣ ለሌላው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጀሪካን ዋጋ አለው፤ ዘይቱ ካለቀም በኋላ ውሃ ይቀዳበታል፣ ጠላ ይጠመቅበታል፣ ሲሰነጠቅም ቆራሌው ይገዛዋል። ማዳበሪያ ተሸክሞ የመጣው ጆንያ ራሱ «ማዳበሪያ» እየተባለ እህልና ከሰል ሲጫንበት ይኖራል። ዋጋ ያለው ዕቃ አይጣልም፤ የሚጣለው ዋጋ ያጣው ነው። ይህ ለማንኛውም ነጋዴ አዲስ ትምህርት አይደለም። ስለዚህ የፕላስቲክ ውዳቂ ነገር በዘመቻና በስብከት ብቻ የሚፈታ ሳይሆን በዋጋ የሚፈታ መሆኑን ከሁሉ በፊት መረዳት የሚገባው የንግዱ ወገን ነው።

ነገሩ ለሀገሪቱ የውጭ ምንዛሪም ከባድ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ ፕላስቲክ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ፣ ይኸውም ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኘውን እንክብል፣ ከውጭ በዶላር ትገዛለች። እንክብሉ በመርከብ ጂቡቲ ደርሶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ በፋብሪካ ጠርሙስ ይሆናል፤ ጠርሙሱም ውሃው በተጠጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይወረወራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ጥሬ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው እንዴት እንደወጣ አስመጪው ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ በኩል ለእንክብል የሚሆን ዶላር ፍለጋ በየባንኩ ተሰልፎ፣ በሌላ በኩል በዶላር የተገዛውን ያንኑ ፕላስቲክ በቦይ ውስጥ መጣል እንደ ብልህ ነጋዴ ሥራ ሊቆጠር አይችልም።

ታዲያ የተጣለው ሁሉ ተሰብስቦ ቢቀርብ መልሶ ዕቃ ይሆናልን ቢባል፣ መልሱ በዓይነቱ ይወሰናል የሚል ነው። ፕላስቲክ አንድ ስም ይኑረው እንጂ አንድ ነገር አይደለም። በጠርሙሱ ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታተመው ቁጥር ዓይነቱን ይናገራል። ቁጥር 1 ፔት የሚባለው የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ቁጥር 2 ጠንካራው ፖሊኢትሊን ሲሆን ለጀሪካንና ለበረኪና ጠርሙስ ይውላል። ቁጥር 4 ስሱ ፖሊኢትሊን፣ ቁጥር 5 ደግሞ ክዳንና ማዳበሪያ ጆንያ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቁጥር 3 ፒቪሲ ይባላል፤ ጥቂት ፍርፋሪ እንኳ ከፔት ጋር ተደባልቆ ቢቀልጥ ጠቅላላውን ያበላሸዋል። እነዚህን ለይቶ ያልያዘ ሰው የያዘው ጥሬ ዕቃ ሳይሆን ቆሻሻ ነው።

የፔት ጠርሙስ መልሶ የሚሠራበት መንገድ ረቂቅ አይደለም። ጠርሙሱ በቀለም ይለያል፤ ነጩ ከባለቀለሙ የተሻለ ዋጋ አለው። ከዚያ በኋላ ተፈጭቶ ፍርፋሪ ይሆናል፤ በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ ሙጫውና ወረቀቱ ይለቃል። ፍርፋሪው በውሃ ገንዳ ውስጥ ሲገባ የክዳኑ ስባሪ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ፔቱ ግን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ በዚህም ሁለቱ ያለ ብዙ ድካም ይለያያሉ። የደረቀው ፍርፋሪ ለክር፣ ለፍራሽና ለትራስ መሙያ፣ ለማሠሪያ ጠፍርም ይሆናል። ተጨማሪ የማጥሪያ መሣሪያ ባለው ፋብሪካ ካለፈ ደግሞ ዳግመኛ የውሃ ጠርሙስ ለመሆን ይበቃል። ትልቁ ችግር በፋብሪካው ውስጥ ሳይሆን ከፋብሪካው በፊት ነው፤ ያልተጨመቀ ባዶ ጠርሙስ የጫነ መኪና ከዕቃው ይልቅ አየር ጭኖ ይሄዳልና። በየክፍለ ከተማውና በየክልሉ ከተማ መጭመቂያ ካልቆመ የማጓጓዣው ኪራይ የዕቃውን ዋጋ ይበላዋል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው መድኃኒት ከውጭ የሚመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ በባለሱቁ ጓሮ በሳጥን ተደርድሮ ይገኛል። የቢራው፣ የለስላሳውና የአምቦ ውሃው ብርጭቆ ጠርሙስ ከሱቅ ሲወጣ ደንበኛው ባዶ ጠርሙስ ይሰጣል፤ ባዶ ከሌለው መያዣ ያስይዛል። ባለሱቁም ለአከፋፋዩ ባዶውን ከነሳጥኑ ሳያስረክብ ሙሉውን አይረከብም። ይህ ሥርዓት ያለ ዘመቻ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጸንቶ የኖረ ነው፤ በዚህም ምክንያት የቢራ ጠርሙስ ቦይ ሲደፍን ማየት የተለመደ አይደለም። የፕላስቲኩ ጠርሙስ በገበያ ሲገባ ግን መያዣው ቀረ፤ ከመያዣውም ጋር የጠርሙሱ ባለቤት ጠፋ። እንግዲህ የሚያስፈልገው የጠፋውን ባለቤት መመለስ፣ ማለትም በፕላስቲኩ ጠርሙስ ላይም መያዣ ማስቀመጥ ነው።

ይህ በሌላ ሀገር ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። ጀርመን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚጣለው የመጠጥ ጠርሙስና ጣሳ ላይ መያዣ ያስከፍላል፤ መያዣው 25 ሳንቲም ኦይሮ ነው፤ ከተሸጠውም ጠርሙስ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ይመለሳል። የኖርዌይ ዘዴ ደግሞ ለነጋዴ ይበልጥ የሚያስተምር ነው። በዚያ ሀገር መንግሥት በማሸጊያው ላይ ግብር ይጥላል፤ ነገር ግን ነጋዴዎቹ ተባብረው የሚሰበስቡት ባዶ ጠርሙስ በበዛ ቁጥር ግብሩ እየቀነሰ ይሄድና ከመቶ 95 ሲደርስ ፈጽሞ ይቀራል። እንዴት እንደሚሰበሰብ መንግሥት አያዝዛቸውም፤ መጨረሻውን ብቻ ይነግራቸዋል፤ መንገዱን የሚያበጁት ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው። ለኢትዮጵያ የንግድ ወገን ከዚህ የተሻለ አርአያ ማግኘት ያዳግታል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸው አይቀርም፤ ሊናቁም አይገባም። የመጀመሪያው የባለሱቁ ነው። ሱቁ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሆኖ ሳለ ባዶ ጠርሙስ የት ያስቀምጣል? ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ስለዚህ ትንሹ ባለሱቅ የመረከብ ግዴታ ሊጣልበት አይገባም፤ መረከቡን ለትልልቁ መደብርና በየሰፈሩ ለሚቋቋም መረከቢያ መተው ይሻላል። በፈቃዱ የሚረከብ ባለሱቅ ግን ለድካሙ በጠርሙስ የተወሰነ ክፍያ ሊታሰብለት ይገባል፤ የብርጭቆው ጠርሙስ ሥርዓት ደካማ ጎኑ ባለሱቁ ያለ ዋጋ መድከሙ ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዋጋ ይንራል የሚለው ነው። መያዣ ግን ዋጋ አይደለም፤ ጠርሙሱን የመለሰ ሰው ገንዘቡን መልሶ ይቀበላል። ለምሳሌ ያህል መያዣው 2 ብር ቢሆን፣ ጠርሙሱን የጣለ ሰው 2 ብር ጣለ፤ ያንን ጠርሙስ ያነሣም ሰው 2 ብር አነሣ። በቀን 60 ጠርሙስ የለቀመ ሰው 120 ብር ያገኛል ማለት ነው። በዚህ መንገድ መያዣው ከቸልተኛው ኪስ ወጥቶ ወደ ትጉው እጅ ይገባል እንጂ የትም አይጠፋም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቆራሌው እንጀራ ይዘጋል የሚል ነው። ይህም ፍርሃት መሠረት የሚኖረው ሥርዓቱ ያለ እርሱ ከተሠራ ብቻ ነው። ትልቅ ኩባንያ ማሽን አቁሞ መረከቡን ለብቻው ቢይዘው በእርግጥ ብዙ ሰው ከሥራ ይወጣል። ቆራሌው ግን በማኅበር ተደራጅቶ ፈቃድ ያለው ተረካቢ ቢሆን፣ ዛሬ በኪሎ ተደራድሮ የሚሸጠውን ነገ በታወቀና በማይዋዥቅ ዋጋ ያስረክባል። የከተማውን መንገድና አጥር እንደ እርሱ የሚያውቅ የለም፤ እርሱን ትቶ አዲስ ሠራተኛ መቅጠር ለፍትሕም ለሒሳብም የማይመች ነው።

አራተኛው የማጭበርበር ነገር ነው። መያዣ ያልተከፈለበት ጠርሙስ ከሌላ ስፍራ ተሰብስቦ መያዣ ይጠየቅበታል የሚል ሥጋት ይነሣል። ይህንን ለመከላከል መያዣ የተከፈለበት ጠርሙስ ሁሉ በወረቀቱ ላይ የታወቀ ምልክት እንዲኖረው፣ በመረከቢያውም ጠርሙሱ ወዲያው እንዲቀደድ ወይም እንዲጨመቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የቢራ ፋብሪካዎች ሳጥንና ጠርሙስ እየቆጠሩ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ከኖሩ፣ የውሃ ፋብሪካዎች የማይችሉበት ምክንያት የለም።

ከጠርሙሱ ወደ ፌስታሉ ሲመለሱ ደግሞ አስመጪው ሊጠነቀቅባቸው የሚገባ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በፌስታል ፈንታ እየገባ ያለው ጨርቅ መሳይ ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት በእጅ ሲዳሰስ ጨርቅ ይምሰል እንጂ የተሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፕላስቲክ ነው። በኬንያ ፌስታል በተከለከለ በሁለተኛው ዓመት መንግሥት ይህንንም ከረጢት እንዲቀር ማዘዙ መታወስ አለበት። ሁለተኛው «በራሱ ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጠው ፌስታል ነው። ከዚህ ዓይነት አንዳንዱ ቅመም ተጨምሮበት በፀሐይና በአየር የሚፈረፈር እንጂ የሚበሰብስ አይደለም፤ ትልቁ ቆሻሻ ወደ ብዙ ጥቃቅን ቆሻሻ ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከገበያው ከልክሏል። ሌላ ቦታ የተከለከለ ሸቀጥ በርካሽ ሲቀርብ አስመጪው «ለምን ረከሰ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ሊሆን ይገባል። ከዚህ ይልቅ የሀገሩ ዘንቢል፣ የጥጥ ከረጢትና የቃጫ ሥራ በብዛትና በአንድ ልክ ተሠርቶ የሚቀርብበትን መንገድ ቢፈልግ፣ ገንዘቡም ሥራውም በሀገር ውስጥ ይቀራል።

ላኪውም ቢሆን ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ቀድሞ ከሀገር ወደ ሀገር ከሚላከው የፕላስቲክ ውዳቂ ትልቁ ድርሻ ወደ ቻይና ይጫን ነበር፤ ቻይና ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በሯን ዘጋች። የባዜል ስምምነት አባል ሀገሮችም በ2019 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ደንቡን አጠበቁ። ከጥር ወር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተደባለቀና የቆሸሸ የፕላስቲክ ውዳቂ ያለ ተቀባዩ ሀገር አስቀድሞ መፍቀድ ድንበር አይሻገርም፤ በዓይነቱ የተለየና ንጹሕ የሆነው ግን ለመልሶ ማምረት እስከዋለ ድረስ ቀላል መንገድ አለው። ይህ ማለት የመለየቱና የማጠቡ ሥራ እንደ በጎ አድራጎት የሚታይ ሳይሆን የወደብ ማለፊያ ወረቀት ሆኗል ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፔት መጠጥ ጠርሙስ ሩብ ያህሉ ከተመለሰ ፕላስቲክ የተሠራ እንዲሆን ታዟል፤ በ2030 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመቶ 30 ይደርሳል። ንጹሕ ፍርፋሪ ፈላጊ አለው፤ ቆሻሻ ፍርፋሪ ግን ፈላጊ የለውም።

እውነቱን ለመናገር መልሶ መሥራት ብቻውን ሁሉን አያድንም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳስረዳው፣ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በዓለም ከተጣለው ፕላስቲክ መልሶ የተሠራው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነው፤ ከመቶ 79 የሚሆነው በቆሻሻ መጣያና በየሜዳው ቀርቷል። ስለዚህ ከመልሶ መሥራት በፊት መቀነስ፣ ከመቀነስም ጋር ደጋግሞ መጠቀም ይቀድማል። የማያስፈልገውን ማሸጊያ ማስቀረት ለፋብሪካው ወጪ መቀነስ ነው፤ ደንበኛውን «ዘንቢል ይዘው ይምጡ» ማለትም ለባለሱቁ የፌስታል ወጪ ማዳን ነው። የሚቀረው ደግሞ ከተጀመረው መልሶ እስከሚሠራበት ድረስ ባለቤት ይኑረው።

ከእንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ ማን ይጀምር የሚለው ነው። አንድ የውሃ ፋብሪካ ብቻውን መያዣ ቢያስቀምጥ ውሃው ከጎረቤቱ ተወዶ ደንበኛ ያጣል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን መጀመር አለባቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ይህ በማኅበር እንጂ በተናጠል የሚሠራ አይደለም። የንግድ ምክር ቤት ተግባሩ እንዲህ ያለውን ነገር ማስማማት ነው። ፋብሪካዎቹን፣ አስመጪዎቹን፣ የባለሱቆቹን ተወካዮችና የቆራሌዎቹን ማኅበራት በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ፣ የመያዣውን ልክና የረካቢውን ክፍያ ማስወሰን፣ የተስማሙበትንም ለመንግሥት አቅርቦ የሕግ ኃይል እንዲያገኝ ማድረግ ይችላል። መንግሥትም በበኩሉ ባዶውን ለሚሰበስቡ ግብሩን እንደ ኖርዌይ ቢያቀልላቸው፣ በመቅጣት ብቻ ከሚያገኘው የበለጠ ያገኛል።

ነጋዴው ይህን በራሱ ፈቃድ ካላበጀው ሌላ ሰው ያበጅለታል። የፌስታሉ ነገር ምስክር ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የውፍረት ልክ ተወስኖ ሳለ የንግዱ ወገን ልኩን አክብሮ ቢሠራ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ፈጽሞ መከልከል ባላስፈለገ ነበር። ለጠርሙሱም ጊዜው ገና አላለፈም። ሙሉውን ሲሸጥ የሚቆጥር ነጋዴ ባዶውንም መቁጠር ይልመድ፤ የባዶው ዕቃ ሒሳብ በሸጠው ላይ በተጻፈ ጊዜ መንገዱም ይጠራል፣ ዶላሩም ይተርፋል፣ በቆሻሻ ክምር ሥር የሚኖረውም ሰው ከሥጋት ያርፋል።